አባቴ የመለሳቸው ማዳመጫዎች

አባቴ ማዳመጫ ገዝቶ ማስቀረት አይሆንለትም ነበር። ፊቱ በደስታ በርቶ ይዞት የመጣውን ማዳመጫ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ያስተኛዋል፣ ላስቲኩን እንደነበረ ያለብሰዋል፣ ከዚያ እጄን ይዞኝ ወደ ሱቁ እንሄዳለን። ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልተተኩም። ከዚህ የሱቅ ምልልስ የሚበልጥ ሽርሽርም አላውቅም ነበር።

ሱቁ ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይረዝማል። ከጣሪያው የተጠቀለሉ ገመዶች ይንጠለጠላሉ፤ ግድግዳው በጊታር ተሞልቷል፤ ሁሉም ነገር አዲስ ላስቲክ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። ባለቤቷ ወፍራም፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ ሌሎች ሴቶች ሐብል በሚያደርጉበት አንገቷ ላይ እሷ ማዳመጫ ታንጠለጥላለች። አባቴን የምትጠራው ማስትሮ እያለች ነው።

"ማስትሮ፣ ይሄኛውስ ደግሞ ምን ሆነ?"

"ታፍኗል እህቴ። ወፍራሙን ድምፅ አሳምሮ ያወጣዋል። ቀጭኑ ጋ ስትደርሺ ግን የለም፣ ውጦ ያስቀረዋል።"

ሴትዮዋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ስትጨርስ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥላ እኔን ታያለች።

"ለኔ እንኳ ደህና ነው" ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ላንቺ ደህና ይሆናል። እኔ ግን የምሠራበት ነው።"

እኔ በዚህ ጊዜ ደረቴ ሊፈነዳ ይደርሳል። ዕድሜ ልኳን ድምፅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ያልሰማችውን ጉድለት የኔ አባት ሰምቶታል። ትምህርት ቤት ሄጄ፣ አባቴ ጉንዳን ስትራመድ ይሰማል ብዬ ጉራዬን ቸረቸርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ጉንዳን ስትራመድ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት ብትጠይቀኝ፣ ጠይቄው እነግርሻለሁ አልኳት። ሴትዮዋን ግን ቂም ያዝኩባት። አባቴን በሄደ ቁጥር የተበላሸ ዕቃ የምታሸክመው አታላይ መሰለችኝ።

አባቴ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ብዙ ዓመት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከባንድ ጋር ሲጫወት ኖሮ አንድ ቀን ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣና "ይበቃኛል፣ ከእንግዲህ ቤቴ ነው የምሠራው" አለ። በኮምፒውተር የሚሠራ የራሱ ስቱዲዮ ሊያቋቁም ነው። እኔ ናፍቄው የመጣ ስለመሰለኝ በደስታ እግር እግሩን ስል ከረምኩ። እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። መድረክ ላይ ዘፋኙ እየጠራው ሳይሰማ ቀርቶ በተሳሳተ ዜማ ስለቀጠለ፣ የባንዱ መሪ በክብር "ትንሽ ዕረፍት ውሰድ" ብሎት ነበር።

ስቱዲዮው የሚሆነው የእናቴ የስፌት ክፍል ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ስትሆን ያቺ ክፍል መንግሥቷ ነበረች። የሲንጀሯን መኪና ወደ ጥጉ ገፋችለት፤ ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ ብሎ ሲለምናትም ለመጋረጃ ያስቀመጠችውን ወፍራም ጨርቅ ሁሉ አውጥታ ሰቀለችለት። ክፍሉ ከዚያ በኋላ ድንኳን መሰለ።

ዕቃ መምረጥ እንዲህ መከራ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ኮምፒውተሩ ሲመጣ ማቀዝቀዣው እንደ ጉንፋን ታማሚ ስለሚያቃስት ተመልሶ ዝም የሚል ተመረጠ። ሳውንድ ካርድ የምትባለዋን፣ ከማይክ የመጣውን ድምፅ ለኮምፒውተሩ የምታቀብለውን ትንሽ ሣጥን፣ አባቴ በሁለት እጁ እንደ ጫጩት ታቅፎ ነው ያመጣት። ማይኩ ደግሞ የቤቱን ሰላም ነሣ። መጀመሪያ የመጣው ሁሉን የሚሰማ ዓይነት ነበር። አባቴ ለሙከራ ሲቀርጽበት ከራሱ ድምፅ ጋር የሲንጀሯ መኪና፣ ፍሪጁ፣ የጎረቤት ቧንቧና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሳል አብረው ገቡ።

"ይሄ ማይክ ነው ወይስ ሰላይ?" አለች እናቴ።

አባቴ ሳቀ፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረጻ ሲባል ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀላል። ወተቱ ሲበላሽ እናቴ አንድ ቃል ሳትናገር ማይኩን ካርቶኑ ውስጥ ከታ በር ላይ አስቀመጠችው። በምትኩ የመጣው አፍ ጠጋ ብሎ ካልነገሩት የማይሰማ ነበር።

"ይሄኛውስ አባትሽን ወጥቷል" አለችኝ፤ ወዲያው ምላሷን ነከሰች። እኔ የተለመደው ቀልዷ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅኩ።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለአክስቴ ነበር። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ቀጠን ያለች፣ ቀልዷን ሳትጨርስ ራሷ የምትስቅ፣ ስትዘፍን ጫማዋን የምታወልቅ ሴት ነበረች። አንድ አሳታሚ ዘፈኗን ካደመጠ በኋላ ከወደደው ሙሉ አልበም ሊያወጣላት ቃል ገብቷል። ትልቅ ስቱዲዮ ሄዳ እንድትቀረጽ ሲመክሯት "ወንድም ጋሼ እያለ ድምፄን ማንም አይነካውም" ብላ አሻፈረኝ አለች። የሷ ዕድልም፣ የአባቴ አዲሱ ሥራም በአንድ ዘፈን ላይ ተንጠለጠሉ። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ በምሳ ሰዓት የሚወራው ሌላ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ማዳመጫ በተገዛ ቁጥር አባቴና እኔ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። አንዱን ጎን ለራሱ ጆሮ፣ ሌላውን ለእኔ ጆሮ ያደርግና ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀን እንቀመጣለን። ያልተላጨው ጺሙ ይወጋኛል፣ የሸሚዙ የሳሙና ሽታ ያውደኛል። ከዚያ ከኮምፒውተሩ የሲምባል፣ ከከበሮው ጋር የሚመታውን የነሐስ ሳህን፣ ድምፅ ይለቃል። ጭሽሽ ብሎ ይጀምርና እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን እጃችንን ከፍ አድርገን እንይዛለን፤ ድምፁ ሲያልቅብን እናወርዳለን። እስከ መጨረሻው የተከተለ አሸናፊ ነው።

እኔ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ አየው ነበር። ሲምባሉ ገና እንደ ጋለ ዘይት እየተንጫጫ የአባቴ እጅ ይወርዳል። እኔ ብዙ ቆይቼ አወርዳለሁ።

"ጎበዝ፣ የኔ እናት" ብሎ አናቴን ይስመኛል።

አሳምሬ ገባኝ። ይሄ ሰውዬ እየተሸነፈልኝ ነው! ዳማ ስንጫወትም ልማዱ ነበር። ድንጋዩን ሆን ብሎ አፌ ውስጥ ይከትልኝና "ውይ፣ ሳላየው!" ይላል። እዚህም ያው መሰለኝ። የሚገርመኝ ግን ዳማ ሲሸነፍልኝ ይስቃል፣ እዚህ ሲሸነፍልኝ ፊቱ ይጠቁራል። ሁልጊዜ መሸነፍ ሰልችቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩና አንጀቴን በላው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ፣ ባንድ ዓይኔ እየጠበቅኩት፣ እጁ ገና ዝቅ ማለት ሲጀምር እኔ ቀደም ብዬ እጄን ጣል አደረግኩ።

ዓይኑን ሲገልጥ እጄ ጭኔ ላይ ነው።

"አለቀብሽ?"

"አለቀብኝ።"

"አንቺም አልሰማሽውም?" ብድግ አለ። ከነማዳመጫው ሊጎትተኝ ምንም አልቀረውም። "አንቺም አልሰማሽውማ! ዕቃው ነው! እኔ ምን ብዬ ነበር? ዕቃው ነው እኮ!" ሽቅብ ወርውሮ ቀለበኝና ክፍሉን በእኔ ዞረበት። በማሸነፍ እንዲህ የሚደሰት ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ምን ያህል ጊዜ ድል ተርቦ ኖሯል ብዬ አዘንኩለት። ከዚያ በኋላ በተጫወትን ቁጥር አሸናፊው እሱ ሆነ።

ማዳመጫዎቹም በተራ በተራ ወደ ሱቅ ተመለሱ። ዛሬ ሳስበው የፈራውን ነገር ሊፈትን ነበር ጨዋታውን የፈጠረው። አንድ ልጅ ጆሮ ለጆሮ አጠገቡ ተቀምጣ እኔም አልሰማም ስትለው እንዴት አያምናት? በሙሉ ልቡ አመነኝ። ባለሱቋ ሴትዮ ግን ገና ከመጀመሪያው አውቃ ነበር። ካደግኩ በኋላ አግኝቻት ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኳት።

"ምን ብዬ የኔ ልጅ?" አለችኝ። "ጆሮ ብሸጥ ኖሮ እነግረው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃዬን ተጠቅሞበት ሲመልስልኝ እጮህ ነበር፤ እሱን ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።"

በልጅነቴ አታላይ ያልኳት ሴት እንግዲህ ይህች ናት።

ማዳመጫው አልሆን ሲል አባቴ በእናቴ ጨርቆች ላይ ዞረ። ቀጭኑን ድምፅ የሚበሉት እነሱ ናቸው ብሎ ግማሹን አወረደ። እናቴ መሰላሉን ይዛለት ቆማ፣ ቀስ ብላ "ሐኪም ጋ እንሂድ?" ስትለው ሰማሁ።

"ምን ሆኜ?"

"አይ፣ እንዲያው ለመታየት ያህል።"

"ጨርቁ ነው አልኩሽ እኮ። ልጅቷን ጠይቂያት!"

እኔ ዕቃ የመመለስ አባዜ ሐኪም የሚያስፈልገው በሽታ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ማለት እንደዚያ መሰለኝ። ልጅቷን ጠይቂያት የምትለዋ ቃል ግን እናቴ ልብ ውስጥ ቀርታ ኖሯል።

አክስቴ ጫማዋን አውልቃ የዘፈነች ቀን ፍሪጁም፣ የስፌት መኪናውም፣ እኔም ጸጥ አልን። እንደሷ ያለ ድምፅ ዛሬም አልሰማሁም። ሞቅ ያለ ነው፣ ትንሽ ሻካራ ይነካዋል፣ አጠገብሽ ተቀምጣ ያወራችሽ ያህል ይቀርብሻል። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ዘግቶ ዘፈኑን ማሰናዳት ጀመረ። ጣቱ የቀጭኑን ድምፅ መጠን የምትወስነዋ ቁልፍ ላይ ነች። ትንሽ ይጨምራል፣ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ይጨምራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ጠራን። በስፒከሩ ለቀቀው።

እኔ ጆሮዬን እንዳልይዝ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው። በአክስቴ አፍ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ "ሰ" እና እያንዳንዷ "ሽ" መርፌ ሆና ትወጋኝ ነበር። ሲምባሉ መስታወት እንደሚሰበር ይጮሃል። ጥሩ መድኃኒት መራራ እንደሚሆነው ስቱዲዮ የገባ ዘፈንም ሲያምር የሚያምመው ለካ እንዲህ ነው ብዬ ተጽናናሁ። እናቴ የጨርቅ ቁራጭ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

"እንዴት ነው?" አለ አባቴ። ዓይኑ እህቱ ላይ ነው።

"ጥርት ብሏል ወንድም ጋሼ" አለች አክስቴ። "በጣም ጥርት ብሏል።" ከዚያ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ እናቴም ተከተለቻት።

እኔም ተከተልኳቸው። አክስቴ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ ይወርዳል።

"ምን ብዬ ነው የምነግረው?" ትላለች። "ከሆቴሉ ሲወጣ እንዴት እንደሆነ አይተሽዋል። አሁን ደግሞ እኔ ልጨምርበት?"

"ታዲያ ይሄን ይዘሽ አሳታሚው ፊት ልትቀርቢ ነው?"

"እቀርባለሁ። ካልወደደው ይተወው። ወንድሜን ከማሳፍረው ዘፈኔ ይቅርብኝ።"

የሰማሁት ቃል ሁሉ ጆሮዬ ገባ፣ ትርጉሙ ግን ደጅ ቀረ። የታየኝ እንባዋ ነው። ዘፈን ሰምቶ ያለቀሰ ሰው ዘፈኑ አምሮት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሮጬ ሄድኩና ለአባቴ "አክስቴ ደስ ብሏት እያለቀሰች ነው!" አልኩት። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ አቆላልፎ፣ ጣሪያውን እያየ ፈገግ አለ።

በማግሥቱ እናቴ ስትሰፋ አጠገቧ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር። ድንገት እግሯን ከመኪናው አነሣች።

"ነይ እስቲ። ያን ከአባትሽ ጋር የምትጫወቱትን እጅ የማውረድ ጨዋታ ማነው የሚያሸንፈው?"

"እሱ።"

"ለምን? አንቺ አይሰማሽም?"

በሩን ዞር ብዬ አየሁና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። "ይሰማኛል። ግን ሲሸነፍ ይከፋዋል። ስለዚህ እኔ ቀድሜ አወርዳለሁ።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በጨዋታ አጭበርብረሻል ብላ ልትቆነጥጠኝ ነው ብዬ ጭኔን ሸፈንኩ። እሷ ግን ጎትታ እቅፏ ውስጥ ሸጎጠችኝ። ሆዷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም።

"ዛሬ አጫውተኝ በይው" አለችኝ ፀጉሬ ውስጥ። "ግን እንዳትሸነፊለት። እስኪያልቅ ድረስ ስሚ። ለኔ ስትይ።"

"ቢከፋውስ?"

"ይከፋው።"

ከምሳ በኋላ ነበር፤ የመስኮቱ ፀሐይ የአባቴ ጉልበት ላይ አርፏል። አጫውተኝ ስለው ሳያንገራግር ማዳመጫውን አነሣ። ጉንጭ ለጉንጭ ተጣበቅን። ሲምባሉ ጭሽሽ አለ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖቼን የእውነት ጨፈንኩ። ድምፁ ቀጠነ፣ ክር አከለ፣ ፀጉር አከለ። እኔ ተከተልኩት። እጄ እስኪዝል ድረስ ተከተልኩት። የመጨረሻዋ ጭላንጭል ስትጠፋ እጄን ላወርድ ዓይኔን ገለጥኩ።

አባቴ እጄን እያየ ነበር። የሱ እጅ መቼ እንደወረደ እንጃ።

"እስካሁን ይሰማሽ ነበር?"

"አዎ።"

"የዛሬው ማዳመጫ ላይ ነው ወይስ… በፊትም?"

"በፊትም። እንድታሸንፍ ብዬ ነው የተውኩት።"

"እንዳሸንፍ ብለሽ" አለ። ማዳመጫውን አውልቆ የጆሮውን ስፖንጅ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

"አንተስ ዳማ ላይ ትሸነፍልኝ የለ?"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠበት። "ዳማ ላይ እሸነፍልሻለሁ" አለ። "እዚህ ላይ ግን አልተሸነፍኩልሽም። እዚህ ያለኝ ያው ነው።"

አላመንኩትም። ጉንዳን ስትራመድ የሚሰማ ሰው ሲምባል አልሰማም ሲል ማን ያምናል? ተሸናፊ ሁሉ ሰበብ አያጣም ብዬ በሆዴ ታዘብኩት። እሱ ግን ቀና ሲል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ብዙ ተያዩ።

"ሐኪሙ የት ነው ያልሽኝ?" አላት።

"አብረን እንሄዳለን" አለች።

"መጀመሪያ ይቺን ልጨርስ" አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የአክስቴን ዘፈን ከፈተ። የማዳመጫውን ሁለቱንም ጎን የእኔ ጆሮ ላይ አደረገው፤ ስለሚሰፋኝ በሁለት እጄ ደገፍኩት።

"እየቀነስኩ ልሄድ ነው" አለኝ፣ እንዲሰማኝ ጮክ ብሎ። "አክስትሽ እዚሁ ፊትሽ ቆማ ስትዘፍን እንደነበረው ሲሆንልሽ በቃ በይኝ። እንዳታዝኚልኝ፤ የእውነትሽን።"

ቁልፏን ማዞር ጀመረ። ኮምፒውተሩን አያይም፣ የሚያየው የኔን ፊት ነው። መርፌዎቹ አንድ ባንድ ከጆሮዬ ወጡ።

"አሁንስ?"

"ገና።"

ዞረ። "አሁን?"

"ትንሽ።"

ያቺ ሞቃት፣ ትንሽ ሻካራ የነካት ድምፅ ከመስታወቱ ጩኸት ሥር ብቅ አለች። አክስቴ ራሷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ያለች መሰለኝ።

"በቃ" አልኩት።

ጣቱ ቆመ። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አንስቶ ራሱ አደረገው፤ ዘፈኑን ከመጀመሪያ ጀምሮ ለቀቀው። ሐኪሙ የሳለለትን የጆሮውን የመስማት መስመር ካደግኩ በኋላ አይቼዋለሁ። መስመሩ ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ ቁልቁል ይወድቃል። ለእሱ ያ ዘፈን በተዘጋ በር ማዶ፣ ከሌላ ቤት የሚሰማ፣ ቃሉ የማይለይ ጉምጉምታ ነበር። እህቱ ናት የምትዘፍነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቃት ድምፅ ናት። ያን ቀን ያየሁት ግን እጁን ብቻ ነው፤ እጁ ወደ ቁልፏ ሄደ፣ ሊነካት ጥቂት ሲቀረው ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ ጉልበቱ ላይ አረፈ።

ዘፈኑ አለቀ።

"አምሯል?" አለኝ።

"አምሯል።"

"የእውነትሽን ነው?"

"የእውነቴን።"

ራሱን ነቀነቀ። ቁልፏን ባለችበት ትቶ ዘፈኑን አስቀመጠው፤ ከዚያ ከምሳ ጀምሮ አክስቴ ወዳለችበት ወጥ ቤት ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

"እህት ዓለም! ነይ ውሰጂ፣ ዘፈንሽ ደርሷል!"